ጆሮ ራሱ ድምፅ ያወጣል እንዴ?

የአራስ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ከወለድኩ አስራ አንድ ቀኔ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ልጄ በተወለደ ማግስት አንዲት ባለሙያ ትንሽ ማሽን ይዛ ወደ ክፍላችን መጣች። ልጁ ተኝቷል። ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ ያለው ቀጭን ነገር ጆሮው ውስጥ አስገባችና ዝም ብለን ጠበቅን። ቀኙ አለፈ። ግራው አላለፈም። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም አላለፈም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሳችሁ ኑ አለችን።

ልጁ አላለቀሰ፣ አልዞረ፣ ዓይኑን እንኳ አልገለጠ። መስማቱን በምን አወቅሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ማሽኑ ከጆሮው የሚወጣውን ድምፅ ነው የሚያዳምጠው» አለችኝ። ባለቤቴ የገደል ማሚቶ ማለቷ ነው ይላል። እኔን ግን «የሚወጣው» ያለችው ከነከነኝ። ጆሮ ተቀባይ ብቻ አይደለም እንዴ? የግራው ነገር ደግሞ ሆዴን እየበላው ነው። የሚያውቅ ካለ ቀስ አድርጎ ያስረዳኝ።

እትዬ አደይ

እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ። ገንፎሽን ብዪ፣ ተኚ። ስለ ማሽኑ የሚያውቁት ይመልሱልሽ፤ እኔም ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ቀንድ አውጣ

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። እኔ የሰውነት አሠራር አስተምራለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ርዕስ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ።

ባለቤትሽ ሩቅ አልሄደም። ግን የገደል ማሚቶ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ወዲያው ይመለስ ነበር። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቀዳዳ ከደጁ እስከ ታምቡሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሕፃን ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ድምፅ ታምቡሩ ጋ ደርሶ ለመመለስ የአንድ ሚሊ ሰከንድ ሩብ እንኳ አይፈጅበትም። ያ ማሽን የሚጠብቀው ድምፅ ግን ብዙ ሚሊ ሰከንዶች ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ 5፣ 10፣ አንዳንዴም 15። ስለዚህ ድምፁ የተመለሰው ከታምቡሩ አይደለም። አልፎ ገብቷል፣ ውስጥ አንድ ነገር ደርሶበታል፣ ከዚያ ነው የወጣው።

ውስጥ ምን አለ? ታምቡሩ ሲርገበገብ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች (መዶሻ፣ ሰንዳን፣ እርካብ እንላቸዋለን) ንዝረቱን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያሻግራሉ። እዚያ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ፣ ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ፣ በፈሳሽ የተሞላ ቱቦ ይጠብቃል። ኮክሊያ ይባላል። ቢዘረጋ 35 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በመሃሉ ከመግቢያው እስከ ጫፉ የተዘረጋ ስስ ገበር አለ። ቀጭን ድምፅ ሲመጣ መግቢያው አካባቢ ያለው የገበሩ ክፍል ይርገበገባል። ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ወደ ጫፉ ያለው። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቦታ አለው።

ገበሩ ላይ ፀጉራም ህዋሳት ተሰልፈዋል። ፀጉር የምንለው አናታቸው ላይ ከአጭር ወደ ረጅም እንደ ደረጃ የተደረደሩትን ጥቃቅን ዘንጎች ነው። አንድ ረድፍ ከውስጥ፣ ሦስት ረድፍ ከውጪ። የውስጦቹ በአንድ ጆሮ 3,500 ያህል ናቸው፣ የውጪዎቹ 12,000 ያህል። አሁን ልብ በዪ። ወደ አንጎል ወሬ ከሚያደርሱት የመስማት ነርቭ ክሮች 95 በመቶ ያህሉ የተገናኙት ከጥቂቶቹ ጋር፣ ከውስጦቹ ጋር ነው። ታዲያ እነዚያ 12,000ዎቹ ምን ይሠራሉ?

ይገፋሉ። ድምፅ ሲመጣ ዘንጎቻቸው ይዘነበላሉ። ዘንግን ከዘንግ የሚያገናኝ እጅግ ቀጭን ክር ይወጠርና ቀዳዳ ይከፍታል። ፖታሲየም ይገባል፣ የህዋሱ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ ህዋሱም ያጥራል። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ይረዝማል። ድምፁ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ቢርገበገብ ህዋሱም 1,000 ጊዜ ያጥራል፣ ይረዝማል። እንዲህ እያደረገ ገበሩን ያግዘዋል።

ልጅሽ አድጎ ዥዋዥዌ ስታጫውቺው ይገባሻል። ልክ በሰዓቱ ትንሽ ገፋ ካደረግሽው ከፍ እያለ ይሄዳል። ያለ ሰዓቱ ከገፋሽው ይቆማል። የውጪ ህዋሳት የሚያውቁት ያንን ሰዓት ነው። ለደካማ ድምፅ ከ40 እስከ 60 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ይጨምራሉ። ይህ ማለት ንዝረቱን ከ100 እስከ 1,000 እጥፍ ያሳድጉታል።

ከዚህ ግፊት ጥቂቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። በፈሳሹ፣ በአጥንቶቹ፣ በታምቡሩ በኩል ወደ ውጪ ይወጣል። የባለሙያዋ ማሽን የሰማው እሱን ነው። አዎ፣ የልጅሽ ጆሮ ድምፅ አውጥቷል።

ስለ ግራው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሕፃን ጆሮ ውስጥ ፈሳሽና አብሮት የተወለደው ነጭ ቅባት ይቀራል። ድምፁ ደግሞ በዚያ መንገድ ሁለት ጊዜ ነው የሚያልፈው፣ ሲገባም ሲወጣም። በመጀመሪያው ቀን አላልፍ ያሉ ብዙ ሕፃናት በኋላ ያልፋሉ። ቀጠሮውን ግን በምንም ምክንያት እንዳታሳልፊ።

የአራስ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሲገባም ሲወጣም ያልከው ትንሽ አሳረፈኝ። ቀጠሮው ረቡዕ ነው።

ባለ ሚክሰሩ

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግና ኮንሰርት ላይ ሳውንድ እሠራለሁ፤ ሥራውን ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ ማይክ ወደ ስፒከር ከተጠጋ ይፏጫል። ስፒከሩ ያወጣውን ማይኩ መልሶ ይቀበላል፣ ማጉያው ያጎላዋል፣ እንደገና ይወጣል፣ እየዞረ ያድጋል። ጆሮ ራሱን መልሶ የሚያጎላ ከሆነ ለምን አይፏጭም?

ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የእኔ ማጉያ ዝም ይላል። የጆሮ መብራት ከየት ነው የሚመጣው?

ቀንድ አውጣ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄህን ቶማስ ጎልድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ጠይቆታል። ጎልድ ቪየና ተወልዶ እንግሊዝ የኖረ፣ በጦርነቱ ጊዜ ራዳር ላይ የሠራ ሰው ነው። የሬዲዮ ነገር ያውቃል። የጆሮን አሠራር ሲያይ አንድ ነገር አልዋጥ አለው። ያ ገበር ፈሳሽ ውስጥ ነው የተነከረው። ፈሳሽ ደግሞ ንዝረትን ያፍናል። ውኃ ውስጥ የክራር ክር ብትመታ አይዘፍንም። ታዲያ እንዴት ነው ጆሮ ሁለት የተቀራረቡ ድምፆችን ለይቶ የሚያውቀው? ጎልድ የደረሰበት መልስ፣ ጆሮ ከውስጥ ጉልበት እየጨመረ ፈሳሹ ያፈነውን ይመልሳል የሚል ነው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ማጉያው ትንሽ ካለፈ መፏጨት አለበት አለ። አንተ ያልከውን ነው ያለው።

በጊዜው ሰሚ አላገኘም። ጎልድም ትቶት ወደ ሥነ ፈለክ ሄደ፣ እዚያም ስሙ ገነነ። 30 ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ ዴቪድ ኬምፕ የሚባል ተመራማሪ ጥሩ ማይክ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ ዘግይቶ የሚወጣውን ድምፅ ቀዳ። የልጃችን የረቡዕ ምርመራ የተወለደው ከዚያ ነው።

እና ይፏጫል! ምንም ሳይነካቸው ስስ ድምፅ ያለማቋረጥ የሚያወጡ ጤነኛ ጆሮዎች ብዙ ናቸው። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አይሰሙትም። «ጆሮዬ ይጮኻል» ከሚለው ሕመም ጋርም አንድ አይደለም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ህዋሳቱ አናታቸውን የነከሩበት ፈሳሽ ፖታሲየም የበዛበት ነው፤ ኤሌክትሪኩም ወደ 80 ሚሊ ቮልት ይደርሳል። የህዋሱ ውስጥ ደግሞ ከዜሮ በታች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ባትሪው ነው። ባትሪውን ቀንም ሌሊትም የሚሞላው የቱቦው ግድግዳ ላይ ያለ፣ ደም ስር የበዛበት ሥጋ ነው። ደሙ ሲቋረጥ ማጉያው ወዲያው ይደክማል። ለአንተም መብራት ማለት ይሄው ነው።

አራተኛ ዓመት

ሕክምና ተማሪ ነኝ። እኛ ስንማር ጎልድ የሚባል አልሰማንም። የተማርነው ቤኬሺን ነው፤ ገበሩ ላይ እንደ ማዕበል የሚሄደውን ንዝረት ያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ኖቤል የተሸለመው። እሱ በዓይኑ አይቶ ነው የጻፈው። ማጉያ ካለ እንዴት አመለጠው?

ቀንድ አውጣ

ቤኬሺ ያየው ከሬሳ የወጣ ጆሮ ነው። ንዝረቱ በዓይን እንዲታይ ደግሞ እጅግ ኃይለኛ ድምፅ መልቀቅ ነበረበት። የሞተ ጆሮ ባትሪው አልቋል። እሱ ማዕበሉን በትክክል አየ፣ ክብሩም ይገባዋል። ግን ያየው ማዕበል ሰፊና ድፍን ነበር፤ በሕይወት ባለ ጆሮ ግን በደካማ ድምፅ ጊዜ ማዕበሉ አንድ ቦታ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ሹል ሆኖ ይነሳል። ያንን ሹል የሚሠሩት የውጪ ህዋሳት ናቸው። ለዚህ ነው ማጉላትና መለየት አንድ ሥራ ናቸው የምለው።

ጥርጣሬ

ኢንጂነር ነኝ፤ ጥሩ ታሪክ ስለሆነ ብቻ አልቀበልም። ጡንቻ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይኮማተራል? አስር? ሃምሳ? ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። በሰከንድ 20,000 ጊዜ የሚያጥርና የሚረዝም ህዋስ አለ ትለኛለህ?

ቀንድ አውጣ

ተገቢ ጥርጣሬ ነው። እንደ ጡንቻ ቢሠራ ኖሮ አይቻልም ነበር። እንደ ጡንቻ አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ዊልያም ብራውኔልና ባልደረቦቹ የውጪ ህዋስን ለብቻው አውጥተው ኤሌክትሪኩን ሲለዋውጡት ሲያጥርና ሲረዝም አዩ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እንግሊዛዊው ጆናታን አሽሞር አንዱን ህዋስ ሙዚቃ በኤሌክትሪክ አድርጎ እየላከበት ሲደንስ በፊልም ቀረጸው። ያንን ፊልም ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አሳያለሁ፤ በየዓመቱ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የፒተር ዳሎስ ቡድን ሞተሩን አገኘው። ፕረስቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ስሙ የመጣው ሙዚቃ ላይ «በፍጥነት» ከሚለው ፕሬስቶ ነው። በህዋሱ የጎን ግድግዳ ላይ በሚሊዮኖች ተጨናንቆ ይገኛል። ኤሌክትሪኩ ሲለወጥ እያንዳንዱ ቅርጹን በትንሹ ይቀይራል፤ ሲደመር ህዋሱ ርዝመቱን እስከ 4 እና 5 በመቶ ይለውጣል። ጡንቻ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያቃጥለው ነዳጅ አለ። ፕረስቲን ያንን አይጠብቅም፣ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ነው የሚነዳው። ተለይቶ በወጣ ህዋስ ላይ ሲለካ በሰከንድ ከ70,000 ጊዜ በላይ መከተል ችሏል።

ጥርጣሬ

ተለይቶ በወጣ ህዋስ። እዚያ ላይ ኤሌክትሪኩን የምትሰጠው አንተ ነህ። በተፈጥሮው ግን የህዋሱ ሽፋን ኤሌክትሪክ እንደሚያጠራቅም ካፓሲተር ነው። ፈጣን ምልክት ሲመጣ ሽፋኑ ቻርጅ ሆኖ ሳይጨርስ ያልፋል። ሞተሩ ቢፈጥንም ሽቦው ከዘገየ ምን ዋጋ አለው?

ቀንድ አውጣ

ጎሽ። ባለሙያዎቹ ራሳቸው እስካሁን የሚከራከሩበትን ነው የነካኸው። ህዋሱ ውስጥ የሚፈሰው ጅረት ትልቅ ስለሆነ ሽፋኑ ከድሮው ግምት በላይ ፈጣን ነው የሚሉ አሉ። በእያንዳንዱ ንዝረት ሳይሆን በጥቅሉ ነው የሚያግዘው የሚሉም አሉ። አናታቸው ላይ ያሉት ዘንጎች ራሳቸው እንደሚገፉም ታይቷል፤ ፕረስቲን እንደኛ ሞተር ሆኖ የማያገለግላቸው እንቁራሪቶች የሚጠቀሙት በዚህኛው ነው።

ፕረስቲን አስፈላጊ መሆኑ ላይ ግን ክርክር የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ፕረስቲን የሌላቸው አይጦች ተሠሩ። መስማታቸው ከ40 እስከ 60 ዴሲቤል ወረደ። እንደ አንተ ያለ ተጠራጣሪ «ህዋሶቻቸው አጥረዋል፣ ምናልባት ችግሩ ያ ነው» አለ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2008 ፕረስቲኑ በቦታው ያለ ግን የማይንቀሳቀስ አይጥ ተሠራ። ህዋሱ ርዝመቱም ጥንካሬውም ደህና ነው። መስማቱ ግን እንደዚያው ወረደ።

አንድ ልጨምር፣ ስለምወደው ነው። የሌሊት ወፍና ዶልፊን በዘር በጣም የተራራቁ ናቸው። ሁለቱም ግን በጣም ቀጭን ድምፅ እየላኩ በሚመለሰው ነው አካባቢያቸውን የሚያዩት። ፕረስቲናቸው ሲመረመር፣ ለየብቻቸው ተመሳሳይ ለውጥ አድርጎ ተገኘ።

ጥርጣሬ

የ2008ቱ ሙከራ አሳምኖኛል። ስለ ሽቦው ግን አልተውኩም፤ አነብበታለሁ።

ነርሷ

ይቅርታ፣ ወሬውን ወደ ምድር ላውርደው። ክልል ውስጥ በሚገኝ ጤና ተቋም ነው የምሠራው። እነዚህ የውጪ ህዋሳት ሲሞቱ አይቻለሁ፤ ማለቴ የሞቱበትን ሰው።

መድኃኒት የለመደ ቲቢ ለወራት በመርፌ ይታከም በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ታካሚያችን ስልኩ ሲጠራ እንደማይሰማው ነገረን። ስናወራው ግን ይሰማል። ስለዚህ ማንም ቁምነገር አላደረገውም። በኋላ ነው የገባኝ። እነዚህ መርፌዎች መጀመሪያ የሚገድሉት የኮክሊያው መግቢያ ላይ ያሉትን የውጪ ህዋሳት ነው። ቀጭን ድምፅ ቀድሞ ይጠፋል። ወሬ መስማት ሲያቅተው ረፍዶ ነበር። እኔም ያኔ ስላልጠየቅኩት እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ደስ የሚለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ቲቢ በሚዋጥ መድኃኒት ብቻ ማከምን ይመክራል። የዚሁ ዓይነት መርፌ የሆነው ጀንታማይሲን ግን አሁንም በየቦታው አለ፤ የአራስ ሕፃናትን ነፍስ ያድናል፣ አትፍሩት፣ በራሳችሁም አታቋርጡት። በእናት በኩል በሚወረስ አንድ የዘር ለውጥ ምክንያት በጥቂት መርፌ ብቻ መስማታቸውን የሚያጡ ቤተሰቦች ግን አሉ። ዘመዳችሁ በመርፌ ደንቁሮ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ይህችን አንድ ዐረፍተ ነገር ሳትረሱ።

እትዬ አደይ

የሞቱት አይተኩም ልጄ?

ነርሷ

በሰው አይተኩም እትዬ። ዶሮና ሌሎች ወፎች ግን በሳምንታት ውስጥ አዲስ ያበቅላሉ። ይህ ከታወቀ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሰውም እንዲሆን እየተፈለገ ነው።

የአያቱ ልጅ

እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን አልቻልኩም። አያቴ 81 ዓመታቸው ነው። አብረን ነው የምንኖረው። «አባባ ቡና ፈልቷል» ስላቸው «ምን አልክ?» ይላሉ። ከፍ አድርጌ ስናገር «ምነው ትጮህብኛለህ!» ብለው ይቆጣሉ። መሃል የሚባል ነገር የለም። ሆን ብለው የሚያደርጉት ይመስለኝ ነበር። መስሚያ ተገዝቶላቸዋል፤ «ጫጫታ ነው የሚያሰማኝ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ይሄም ከማጉያው ነው?

ቀንድ አውጣ

ወንድሜ፣ አያትህ እውነታቸውን ነው።

ጤነኛ ጆሮ ሁሉንም እኩል አያጎላም። ደካማውን ድምፅ በጣም ያጎላል፣ መካከለኛውን ጥቂት፣ ኃይለኛውን ከሞላ ጎደል ምንም። ለዚህ ነው በአንድ ጆሮ የቅጠል ኮሽታንም ነጎድጓድንም የምንችለው። የውጪ ህዋሳት ሲሞቱ የሚጠፋው ያ እርዳታ ነው። ደካማው ድምፅ ጭራሽ አይሰማም። ኃይለኛው ግን ድሮም እርዳታ ስላልነበረው እንደ ድሮው ይሰማል። በማይሰማና በሚያሳምም መካከል ያለው ሜዳ ጠበበ። አያትህ የቆሙት እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። የሚያስቀይማቸው የአንተ ድምፅ መጠን እንጂ አንተ አይደለህም።

ሁለተኛው ከዚያ ይብሳል። የማዕበሉን ሹል ጫፍ የሚሠሩት የውጪ ህዋሳት ናቸው ብዬ ነበር፤ እነሱ ሲሞቱ እሱም ይጠፋል። በሽምግልና ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው። በአማርኛ «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ፈ»ን ከ«ሰ» የሚለየው ያ ቀጭኑ ክፍል ነው። «ሰማ» እና «ሸማ» አንድ ይሆኑባቸዋል። ቴሌቪዥን ሲከፈት ወይም ሁለት ሰው አብሮ ሲያወራ የሁሉም ድምፅ ይደባለቃል። መስሚያው ያጎላላቸዋል፣ ዘመናዊው ደካማውን ለይቶ ያጎላል፣ ሹሉን ግን አይመልስላቸውም። «ጫጫታ ነው» ያሉት ለዚህ ነው። ሆኖም እንዲስተካከልላቸው ውሰዳቸው፣ ከመሳቢያ ይውጣ። አንጎልም አዲሱን ድምፅ ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል።

ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን አጥፋ። ፊት ለፊት ሁን፣ ከንፈርህን ይዩት። አትጩህ፤ ዝግ በል።

የአያቱ ልጅ

ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ሬዲዮውን ዘግቼ፣ ወንበር ስቤ ፊታቸው ተቀመጥኩና በተለመደው ድምፅ፣ ዝግ ብዬ፣ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው። አንድም «ምን አልክ» ሳይሉ ግማሽ ሰዓት አወራን። ስለ ድሮ በሬያቸው ነው ያወሩኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም።

የአራስ እናት

ረቡዕ ነው ብያችሁ ነበር። ሄድን። አለፈ! ግራውም አለፈ! ባለሙያዋን ስክሪኑን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ትንንሽ ዘንጎች ናቸው፣ አንድ በአንድ ከፍ እያሉ የሚመጡ። የመጨረሻው ሲነሳ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጁ እንደተኛ ነው። እናንተን ሳላውቃችሁ ይሄን ሁሉ ስለጻፋችሁልኝ ዕድሜ ይስጣችሁ።

እትዬ አደይ

እልልልል!

ባለ ሚክሰሩ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ።

እኔም ሄድኩ። ይህን ውይይት ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለአዋቂም በሁለት ድምፅ እየተላከ የሚመለሰው ሦስተኛው ድምፅ የሚለካበት ምርመራ አለ። አደረግኩት። በአብዛኛው ቦታ ጆሮዬ መልሷል። 4,000 ኸርዝ አካባቢ ግን ከሁለቱም ጆሮ ምንም አልወጣም። ዝም። ባለሙያው ሥራዬን ሳልነግረው «ጫጫታ ላይ ነው የምትሠራው?» አለኝ።

85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል አለኝ። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ይቀረኛል። እኔ ከመድረኩ አጠገብ ስድስት ሰዓት ነው የምቆመው።

ዛሬ ማታ ሠርግ አለብኝ። ለእኔና ለሁለቱ ረዳቶቼ የጆሮ መሰኪያ ገዝቻለሁ። ትንሹ ረዳቴ 19 ዓመቱ ነው።